የሰሌዳው ጀርባ

ለጋሽ መስመር ዓይን የሚምሉበት እንጂ የሚያስመረምሩት ነገር አልነበረም። ደንበኛ መጥቶ "ታፔላዬ ለምን ዘገየ?" ሲላቸው፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀለሙ ከገበያ ጠፍቶ ነው" ይላሉ። ባለቤታቸው "ሻይህ ላይ ስኳር ጨምረሃል" ስትላቸው፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የስኳሩን ዕቃ አልነካሁም" ይላሉ፤ ማንኪያው ግን ገና ብርጭቆው ውስጥ እየዞረ ነው። ዓይን ምን ያህል ታጋሽ ፍጥረት እንደሆነ በእሳቸው ነው ያየነው። ያ ሁሉ መሐላ ተቆልሎበት እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሁለቱም በየቦታቸው ነበሩ።

ስሙን ያወጣላቸው ሙያቸው ነው። ጋሽ መስመር ታፔላ ጻፊ ናቸው። ሌላው ጻፊ ክር ወጥሮ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ማስመሪያ ደግፎ የሚሠራውን መስመር እሳቸው ብሩሹን ነክረው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አንዴ ይስቡታል። ቀጥ ይላል። በዚያ ጎዳና ከፀጉር ቤቱ እስከ ጎማ ጥገናው ድረስ የተጻፈው ሁሉ የእጃቸው ሥራ ስለሆነ፣ በመንገዱ ሲያልፉ ቀስ ይላሉ፤ ያነባሉ፤ ያደንቃሉ። ጉረኛ ናቸው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራቸው ጉራቸውን ይችለዋል።

አንድ ልጅ አለቻቸው። በአራት ዓመቷ ብሩሽ አስያዟት፣ በአሥር ዓመቷ የፊደል አጣጣል አስተማሯት፤ እሷ ግን አድጋ ሄዳ ሄዳ ባነር ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። ከዚህ የበለጠ ምን ውርደት አለ? "ያ ማሽን ይጽፋል እንዴ?" ይላሉ። "ያስታውካል እንጂ።" ልጃቸው በምትሠራበት ደጃፍ ላለማለፍ አንድ ሙሉ መንገድ ዞረው ይሄዳሉ። ማታ እራት ላይ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ጓደኞቿ ይጠይቋታል፤ ሥራ እንዴት ዋለ ብለው ግን አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ስኳሩ እንመለስ። ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ደም ይሰጣሉ፣ ይመከራሉ፣ ምክሩን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ ከበሩ ሲወጡ እዚያው ጥለውት ይወጣሉ። አንዷን ምክር ብቻ ግን አክብረዋታል። ስኳር ያለበት ሰው በዓመት አንዴ ዓይኑን ይታይ ተብለው፣ ስድስት ዓመት በተከታታይ ሄደው ስድስት ዓመት በተከታታይ አልፈዋል። አስተላለፋቸው ነው ጨዋታው።

ከስምንት ዓመት በፊት የጤና ጣቢያው የእይታ መለኪያ ወረቀት አርጅቶ ተቀደደ። ኃላፊው ጋሽ መስመርን አስጠርተው በእንጨት ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉላቸው ጠየቋቸው። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ይመስላል። ጥርሱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ይዞራል። ከላይ ቡጢ አክሎ ይጀምርና እየወረደ ሲሄድ መጨረሻው መስመር ላይ ጉንዳን ያክላል። ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ይሸፍንና ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል። ያልተማረም ይለካበታል።

ጋሽ መስመር ያን ሰሌዳ አራት ቀን ሠሩት። እንጨቱ እንዳይጣመም ፊቱንም ጀርባውንም ሁለት ሁለት እጅ ነጭ ቀለም ቀቡት። "ተራ ሠራተኛ ፊቱን ብቻ ቀብቶ ይሄዳል" እያሉ ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም አስረዱ። "ከዚያ ጀርባው እርጥበት ይስብና ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል።" ይህችን የጀርባ ቀለም አደራ እንዳትረሷት።

አራት ቀን ሙሉ አፍንጫው ሥር አድርጎ የሠራውን ነገር ማን ይረሳል? ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች እያሉ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ያዙት። የምርመራው ቀን ሲደርስ የድሮዋ ሲስተር፣ ጡረታዋ የደረሰ ደግ ሴት፣ "የሰሌዳው ጌታ መጡ" ብላ ተነሥታ ትቀበላቸዋለች። አንዱን ዓይን ሸፍነው ያንበለብሉታል፣ ሌላውን ሸፍነው ያንበለብሉታል። ሲስተርም ካርዱ ላይ "በሁለቱም ጥሩ ያያሉ" ብላ ትጽፋለች።

ዋናው ምርመራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብሌኑ እንዲሰፋ ጠብታ ይደረግና የዓይን ውስጥ በማሽን ፎቶ ይነሣል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት እይታን ያደበዝዛል። ጋሽ መስመር ደግሞ፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ በየዓመቱ በዚያች ቀን መሰላል የሚያስወጣ ሥራ አለባቸው። "ፎቶ ልነሣ ብዬ ከፎቅ ልውደቅ?" ይላሉ። "ደግሞስ ሰሌዳውን አነበብኩት አይደል?" ይሉና ብሩሻቸውን ይዘው ውልቅ። እያጭበረበሩ መሆናቸውን ያውቁ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ግማሹን ያውቁ ነበር እላችኋለሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ታዲያ ዓለም በጋሽ መስመር ላይ አደመች። የመኝታ ቤቱ በር በግራ በኩል ጠበበና ትከሻቸውን በቀን ሁለቴ መምታት ጀመረ። ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው ከፔርሙዙ ይሸሻል። የቀለም ፋብሪካዎች ተማክረው ቀለም አቀጠኑ። መሰላሉም ማንም ሳያየው የመጨረሻውን ደረጃ ከነበረበት ዝቅ አደረገ፤ ሲወርዱ እግራቸው አየር ይረግጣል። እሳቸው ግን ይህ ሁሉ ሲደርስባቸው ምንም አልሆኑም፤ ደህና ነበሩ።

ባለቤታቸው ከዚያ በር ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች። እንዳልጠበበ ታውቃለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን የሆነ ነገር ነክቶታል" አለቻቸው አንድ ቀን፣ የፈሰሰውን ሻይ እየወለወለች።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዝንብ የረገጠችው ይታየኛል።"

"በየትኛው?"

"በሁለቱም ነዋ።"

"ጥሩ። ዘንድሮ አብሬህ እሄዳለሁ። የብሩሽ ቦርሳህን ደግሞ እኔ ነኝ የምይዘው።"

ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ማን ሰምቷቸው።

ያን ሰሞን ጤና ጣቢያው እየታደሰ ነበር። ቀቢዎቹ የምርመራ ክፍሉን ጣሪያ ሲቀቡ ሰሌዳው ላይ ቀለም እንዳይንጠባጠብበት ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት። ጨርሰው ሲሄዱ መመለሱን ረሱት። የድሮዋ ሲስተርም ጡረታ ወጥታ በቦታዋ ወጣት ሲስተር መጥታለች። ይህች ልጅ የጋሽ መስመርን ዝና አልሰማችም፤ ከወንበሯም አልተነሣችም። ጋሽ መስመር ይህን ወዲያው መዘገቡባት።

ሲገቡ ግድግዳውን ቀና ብለው አላዩትም። ለምን ያያሉ? ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ከሥራ ሲገባ ሚስቱን ትክ ብሎ አያያትም፤ እንዳለች ያውቃል። ወንበራቸው ላይ እንደ ቤቱ ጌታ ተደላድለው ተቀመጡ። ባለቤታቸው የብሩሹን ቦርሳ አቅፋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ሲስተር ካርዱን ገለጠች። "አባቴ፣ ስኳር ከያዘዎት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖዎት አንድም ጊዜ የዓይን ፎቶ አልተነሡም?"

"ሰሌዳውን አነበዋለሁ እኮ ልጄ። ያውም የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"እሺ። እስቲ ቀኝዎን ይሸፍኑ" አለችና ጥቁሩን መሸፈኛ ሰጥታቸው፣ የዞረውን ሰሌዳ ልትመልሰው ተነሣች።

ሁለት እርምጃ አልሄደችም።

"ቀኝ" አሉ ጋሽ መስመር፣ እጃቸውን ወደ ቀኝ ዘርግተው። "ላይ። ግራ። ግራ። ታች።"

ሲስተር ባለችበት ቆመች። ጋሽ መስመር ወደ ሦስተኛው መስመር ወረዱ። ድምፃቸው ሞላ፣ እጃቸው ፈጠነ፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ። አምስተኛው ላይ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። ጉንዳኖቹ ጋ ሲደርሱ ለአክብሮት ያህል ትንሽ ዝግ አሉ፤ ጠንካራ ተማሪ ከባድ ጥያቄ ሲደርሰው ያሰበ ይመስላል አይደል? ከዚያ እነሱንም ጨረሷቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሽ መስመር ጸጥታውን አድናቆት ነው ብለው ተረጎሙት።

"ልድገመው?" አሉ።

"አባቴ፣ ሰሌዳው ላይ ምን ይታይዎታል?"

"ያልኩሽ ነዋ።"

"መሸፈኛውን እስቲ ያንሡት።"

አነሡት። በቀኝ ዓይናቸው አዩ። ፊት ለፊታቸው የራሳቸው ሁለት እጅ ነጭ ቀለም ነው፤ አንድ ማበጠሪያ የለም፣ አንድ ነጥብ የለም። ጀርባው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይጎብጥ፣ እንደ አዲስ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ ሰውዬው። "ታዲያ ገልብጣችሁ ሰቅላችሁ ሰው ታሳስታላችሁ?" አሉ ጋሽ መስመር።

"ዓይንህን በጨው ታጥበህ እንኳ አልጠራልህም" አለች ባለቤታቸው ከበሩ። አልጮኸችም። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

ሲስተር ሰሌዳውን ወደ ፊቱ መለሰችው። "እንደገና ቀኝዎን ይሸፍኑ። አሁን አይንገሩኝ፤ ዝም ብለው ይዩት።"

ጋሽ መስመር በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዙትን አደረጉ። አዩ። ነጭ ነገር አለ፤ ነጩ ላይ ምንም የለም። ያ ቡጢ የሚያክለው ማበጠሪያ እንኳ የለም። ወደ ሲስተር ዞሩ። ጋዋኗ አለ፣ ጆሮዎቿ አሉ፤ መሃል ፊቷ ላይ ግን እርጥብ ቀለም ላይ ቲነር እንደፈሰሰበት ሆኗል። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ቦርሳው ይታያል፣ ነጠላ ጫማዋ ይታያል። ፊቷ የለም።

ፈሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሰላሉ ሲንሸራተትባቸው እንዲህ አልፈሩም።

"ይሄ ስንት ጣት ነው?" አለች ሲስተር።

"ስንት ነው የምትፈልጊው?" አሉ። ቀልዱ ከአፋቸው ወጣ እንጂ የሳቀ አልነበረም፤ እሳቸውም።

"መቼ ጀመረዎት?"

"አሁን። አሁን ነው።"

"አሁን አይደለም አባቴ። ቀኝዎ የግራውን ሥራ ደርቦ ሲሠራለት ስለኖረ አላወቁትም። ሁለቱን ገልጠው ሲያዩ ሁሉም ነገር ይታይዎታላ።"

ያን ዕለት መሰላል የሚያስወጣ ሥራ ቢኖራቸውም አላነሡትም። ጠብታው ተደረገላቸው። ዓለም ተበጠበጠች፣ ብርሃኑ ወጋቸው፤ አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስደግፈው ብልጭ ሲል ችለው ተቀመጡ። የግራው ፎቶ መጣ፣ የቀኙ መጣ። ሲስተር ስክሪኑን ወደ ባለቤታቸው አዞረችው፤ እሳቸው ለጊዜው ለማየት አልታደሉም።

"ግራው መሃሉ ላይ አብጧል፣ ፈሳሽ ቋጥሯል" አለች። "ቆይቷል። መርፌ ይሰጡዎታል፣ ትንሽ ሊያሻሽለው ይችላል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። እኔን ያስፈራኝ ቀኙ ነው።"

"ቀኙን ተይው" አሉ ጋሽ መስመር ደንግጠው። "እሱ ደህና ነው። በሱ ዝንብ የረገጠችው..." አልጨረሱትም።

"ያያል። አሁን በደንብ ያያል። ግን ከውስጡ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ የደም ሥሮች በቅለውበታል። እነሱ ከፈሰሱ አንድ ጠዋት ተነሥተው ይሄም ላይኖር ይችላል። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሄደው ሌዘር ይደረግልዎታል። በሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም።"

"ሰሌዳው ላይ ግን በቀኙ እውነቴን ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ።

"ሰሌዳው ይሄን አያሳይም፣ አባቴ። ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ፎቶ የምንለው ለዚህ ነበር።"

ጋሽ መስመር ወደ ቤት የሄዱት በባለቤታቸው ክንድ ተይዘው ነው። የገዛ ታፔላቸው በግራም በቀኝም እየደበዘዘ ሲያልፍ አንዱንም አላነበቡትም። ጠብታው ነው፣ ማታ ይለቅቃል ብላቸዋለች ሲስተር፤ እሳቸው ግን መንገዱን ሙሉ ባይለቅቅስ እያሉ ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ በሩ ትከሻቸውን መታቸው። "ይቅርታ" አሉት ለበሩ። ባለቤታቸው መሳቅ አማራት፣ ግን አለቀሰች።

ሌዘሩ ሦስት ጊዜ ተደረገላቸው። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ሳይከራከሩ ሄዱ፤ ይህም በሠፈሩ እንደ ተአምር ተወራ። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ። ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ዓለም ሁሉ እንዲያያቸው እያደረጉ፣ ግን ጠጡት። ቀኙ ዓይን ቆመላቸው። ግራው የሰውን ጥላ ያህል ያሳያል፣ ከዚያ አላለፈም። መሰላል ተከለከሉ፤ አሁን ታፔላውን መሬት አስቀምጠው ነው የሚጽፉት፣ ክርም ይወጥራሉ። ክር ሲወጥሩ የሚያውቃቸው ሰው ካለፈ ግን ፈጠን ብለው እግራቸውን ይጭኑበታል።

ጤና ጣቢያው ከዚያ ጊዜ ወዲህ በየሦስት ወሩ ዓይናቸውን ይለካቸዋል። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሲስተር እየሳቀች፣ "ይህ ሰሌዳ ለእርስዎ አይሆንም። ለምን ሌላ አይጽፉልንም?" አለቻቸው። ደስ አላቸው። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ያኔውኑ እንጨት አስቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም ነጭ ቀቡት። ሲደርቅ ብሩሽ አንሥተው ፊቱ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋን ማበጠሪያ ወዴት ላዙራት ብለው አሰቡ። ወደ ታች ትሁን አሉ። ብሩሹን ነከሩት። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ብዙ ቆይተው ብሩሹን በቲነር አጠቡትና ባዶውን ሰሌዳ ታቅፈው ወጡ።

ባነር ማተሚያ ቤቱ የፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። ማሽኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጃቸው አባቷን ደጃፉ ላይ ስታይ ከወንበሯ ተነሣች።

"አባዬ፣ ምነው? ሰው ምን ሆነ?"

"ማንም ምንም አልሆነም። ሥራ ይዤ መጥቻለሁ።" ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "የጤና ጣቢያው መለኪያ ነው። አንቺ አውጪውና በማሽንሽ አትመሽ እዚህ ላይ ለጥፊልኝ።"

"አንተ እያለህ? አንተ ብትጽፈው አይሻልም?"

"እኔ ከጻፍኩት አውቀዋለሁ" አሉ ጋሽ መስመር።

ልጃቸው ወንበር አመጣችላቸው። ወንበሩን አዙረው ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ተቀመጡ። እንዲህ ተቀምጠው ለሠፈሩ ሰው ሁሉ ሲያሙት የኖሩትን ማሽን ድምፅ ሰሙ። አንድ ጊዜ ብቻ አላስችል አላቸው።

"ቀጥ ብሏል?"

"ብሏል አባዬ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

"በዓይን አይማልም" አሉ፣ ሳይዞሩ።

አትማ፣ ለጥፋ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ጋዜጣውን ሳይገልጡ እስከ ጤና ጣቢያው ወሰዱት። ሲስተር እስክትሰቅለው ድረስ በሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዙረው ቆሙ። ባለቤታቸው ቦርሳውን ይዛ በቦታዋ ተቀመጠች።

"ቀኝዎን ይሸፍኑ" አለች ሲስተር።

ሸፈኑ። አዩ። ጊዜ ወሰዱ። "አይታየኝም" አሉ።

"ትልቋም?"

"ትልቋም።"

ሲስተር ካርዱ ላይ ጻፈችው። "አሁን ግራዎን።"

ግራውን ሸፍነው ከላይ ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ እጃቸውን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እያነሡ፣ መስመር በመስመር ወረዱ። ከመጨረሻው ከፍ ብላ ያለችው መስመር ላይ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ሲስተር ጠበቀቻቸው።

"ይቺን አላውቃትም" አሉ ጋሽ መስመር። "ቆዪ፣ ልያት።"